የዋሽንት ኪቦርድ

አሮጌው ኪቦርድ ሐሙስ ዕለት ዘፈን መሃል ላይ ጥፍት አለ። ቅዳሜ ደግሞ ማታ ማታ የሚሠሩበት ሆቴል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጦ ሊሰማቸው ነው። ከወደዳቸው ይቀጥላሉ፤ ካልወደዳቸው ደህና ሰንብቱ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት እህትና ወንድም የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገቡ።

እህትየዋን ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ዋሽንት» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ድምፅዋ ሽቅብ ሲወጣ አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል። ወንድሟን ያሳደገችውም፣ ሙዚቃ ያስጀመረችውም እሷ ናት። ራሱ መላጣ ሆኖ፣ ልጆች ወልዶም ለእሷ ዛሬም ማሙሽ ነው። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ይጫወታል። ሌላ ሰው የላቸውም፤ ከበሮውም ቤዙም ቫዮሊኑም ከዚያው ከኪቦርዱ ነው የሚወጣው።

ሻጩ ሦስት አወጣላቸው። የመጀመሪያው ድምፁ ግሩም ነበር፤ ዋጋው ሲጠራ ግን ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ላይ ሁለት ሰው ካልተሸከመው ደረጃ አይወጣም። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ዋጋውም ወገብ አይቆርጥም። ማሙሽ ጣቱን ሲያሳርፍበት ቫዮሊኑ የዋሽንትን ልብ ነካው።

«በቃ፣ ይሄ ነው!» አለች። «ሌላ ምን እናያለን?»

ማሙሽ ግን አልተዋጠለትም። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ሲነካካ ቆየና፣ «ዘፈኑን ዝቅ ማድረጊያው የት ነው?» ሲል ሻጩን ጠየቀው።

«አለ፤ ውስጥ ገብተህ ነው የምትፈልገው።»

«አይሆነኝም። እየተጫወትኩ በአንድ ጣት የምነካው ነው የምፈልገው። ሰው ሳያይ።»

ሻጩ ሦስተኛውን ሳበለት። «ይቺውልህ በተኗ፣ ግራ እጅህ ሥር። አንዴ ስትጫናት ዘፈኑ እንዳለ ከቀጭን ወደ ወፍራም አንድ ደረጃ ዝቅ ይልልሃል። አንተ ጣትህን መቀየር የለብህም። ወፍራም ድምፅ ላለው ዘፋኝ ፍቱን ናት።»

የዋሽንት ጆሮ ቆመ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ከኛ መሃል ወፍራም ድምፅ ያለው?»

«ለማንኛውም ብዬ ነው እትዬ።»

«ቫዮሊኑ እንደ ቆርቆሮ እየጮኸ?»

«እለምደዋለሁ» አለ ማሙሽ፤ ዓይኗን ሳያይ ሦስተኛውን ሊከፍል ኪሱ ገባ።

መንገድ ላይ ዋሽንት ነገሩን ታብሰለስላለች። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ትዝ አለቻት። ልጅ እግር ናት፤ ስታንጎራጉር ድምፅዋ ከደረቷ ሥር ነው የሚመጣው፣ ወፍራም። በቀደም ዋሽንት ከመልበሻ ክፍል ስትወጣ ልጅቷና ማሙሽ ተጠጋግተው ሲያወሩ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ጸጥ አሉ። ልጅቷ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «ትኩስ ውሃ ላምጣልዎ?» አለቻት። ያኔ ምንም አልመሰላትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ኪቦርድ ተለማመዱ። ማሙሽ ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኖታል።

«ምን ሆነብህ?»

«ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል።»

ልምምዱ ሸጋ ሆኖ አለቀ። እሷ ግን ያን ለት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እንጀራዬን ለዚያች ልጅ ሊሰጥ ነው፤ ያውም ለእሷ የሚሆን ኪቦርድ ዓይኔ እያየ መርጦ!

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ማሙሽ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሊያስተካክል ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ዋሽንት ቀስ ብላ ወደ ኪቦርዱ ተጠጋችና ፎጣውን ገለጥ አደረገችው።

ስክሪኑ ላይ «−3» ይላል።

ደሟ ፈላ። ሦስት ደረጃ ዝቅ! ለካ ከዚያች ልጅ ጋር መለማመድም ጀምሯል። ይባስ ብሎ መመለሱንም ረስቶታል፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በሰው ድምፅ ልክ ሊያዘፍናት! ከዝቅ ማድረጊያዋ በተን ጎን ያለችውን ከፍ ማድረጊያ ሦስት ጊዜ ተጫነች። ዜሮ ሆነ። ፎጣውን እንደነበረ መልሳ ማይኩን አነሳች።

ማሙሽ መጥቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲነካ አንገቱ ቀጥ አለ። ፎጣውን አየ፣ እሷን አየ። አፍጥጣ አየችው፤ አውቄብሃለሁ ነው ነገሩ። ግራ እጁ ወደ በተኗ ሲሄድ ቀድማ መዳፏን ጫነችበት።

«እትዬ፣ በናትሽ» አለ በሹክሹክታ።

«ተጫወት!»

ተጫወተ። ፊቱ አመድ መስሏል። እሷ መዳፏን ሳታነሳ ጀመረች። መግቢያው ደህና ሄደ፤ ትንሽ ጉሮሮዋን ያዝ ቢያደርጋትም የንዴት ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው፣ ዋሽንት ያስባላት ቦታ ደረሰ። ዓይኗን ጨፍና ሽቅብ ወጣች።

ድምፅዋ መሃል መንገድ ላይ ተሰነጠቀ።

አንድ ሰው አሳለ። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ደግማ ሞከረች፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። ማሙሽ መጫወቱን አቆመ። የእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች።

የዋሽንት መዳፍ ሳታዘው ከበተኗ ላይ ተነሳ።

ወንድሟ ቀና ብሎ ሳያያት በተኗን ሦስት ጊዜ ተጫናትና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረላት፤ ድምፅዋም እሷ ሳታውቅ ላለፉት ሁለት ዓመታት ዝቅ ብሎ ሲወጣ እንደኖረው ጥርት ብሎ ወጣ።