እስከ አምስት

እጨምቃለሁ። የአባዬ ደረት ከፍ ይላል። እለቃለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እጨምቃለሁ።

ፊኛዋ የሕፃን ጭንቅላት የምታክል ጎማ ናት፤ አፉ ውስጥ በገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ተሰክታለች። አባዬ በራሱ መተንፈስ ካቃተው ከትናንት ረፋድ ጀምሮ እኔና ወንድሜ እየተፈራረቅን በእጃችን እንተነፍስለታለን። ሆስፒታሉ ያለው የመተንፈሻ ማሽን አንድ ነው። እሱም ከመስታወቱ በር ወዲያ፣ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ተገጥሟል።

«ፈጠንሽ» ትላለች ሲስተር፣ መርፌዋን እያዘጋጀች ቀና ሳትል። «እስከ አምስት ቁጠሪ አላልኩሽም? እሳት እያቀጣጠልሽ መሰለሽ እንዴ?»

ሳታውቀው እውነቱን ነካችው። አባዬ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ወናፉን ያናፋሁለት እኔ ነኝ። እጄ የሚያውቀው ያንን ምት ነው፤ ሐሳቤ ትንሽ ዘወር ካለ እጄ ወደ ወናፉ ይመለሳል። ያኔም ቢሆን ይቆጣኝ ነበር። «ቀስ በይ፣ እሳት በጥድፊያ አይሆንም» ይለኝ ነበር።

«ሽማግሌው ተኝቶም ሥራ አያስፈታንም» ይላል ወንድሜ። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አልዘረጋ ያሉትን ጣቶቹን በሌላ እጁ እያፍታታ። «ሲነቃ ደግሞ ‹ይቺንም በቅጡ አላናፋችሁልኝም› ነው የሚለን።»

«አንተ መቼ አናፍተህ ታውቅና። ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተደብቀህ አይደል ያደግኸው።»

«ይኸው ስሸሸው ኖሬ እዚህ አገኘኝ።» ሊስቅ ይጀምርና ይተወዋል። «እጄ እምቢ አለኝ፣ እታለም። ትንሽ ልረፍ።» ዓይኑን ሲጨፍን አባዬን ይመስላል።

ዶክተሩ ጠዋት መጥቶ ነበር። «ሳንባቸው ሁለት ሦስት ቀን ዕረፍት ካገኘ ሊመለሱ ይችላሉ» አለን። «በእጅ ግን እዚያ ድረስ አይዘለቅም። ማሽኑ ከተለቀቀ ቅድሚያው የእናንተ ነው።» እንዴት እንደሚለቀቅ አልነገረንም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ በቁጥሩ መሐል እጸልያለሁ። አንድ ላይ አምላኬ ሆይ እላለሁ። ሦስት ላይ ማሽኑ ይለቀቅልን። አምስት ላይ፣ ዛሬ።

የመስታወቱ በር ይከፈትና ባለ ሰማያዊ ሹራቧ ሴትዮ ትወጣለች። ማሽኑ ያለው የእሷ ልጅ ላይ ነው። ለጽዳት ባስወጧት ቁጥር ኮሪደር ላይ አትቆምም፤ ቀጥ ብላ ወደ እኛ ትመጣለች።

«ነይ ተነሺ፣ አንቺ ልጅ። ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«እማማ፣ እርስዎም እኮ አልተኙም።»

«እኔ ምን ሠራሁና ነው የሚደክመኝ? ማሽኑ ይተነፍስለታል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሥራ የፈታ እጅ ይዞ መቀመጥ ነው የሚያደክመው።»

መዳፏን እጄ ላይ ታደርጋለች። አንዴ አብረን እንጨምቃለን፣ ከዚያ እኔ ከሥር ጣቶቼን አወጣለሁ። አንድም ትንፋሽ እንዳይዘለል ትናንት እሷው የፈለሰፈችው ዘዴ ነው። እኔ እግርጌ እቀመጣለሁ። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። ከእኔ ይልቅ ለአባዬ ይስማማዋል፤ ደረቱ በሷ እጅ ሲሆን ረጋ ብሎ ነው የሚነሣው።

«አባትሽን ከልጄ ጋር አንድ ላይ ነው የምጠራቸው፣ ስጸልይ» ትላለች። «አንቺም ልጄን ትጠሪልኛለሽ አይደል?»

«እጠራዋለሁ» እላለሁ።

«ምን እያልሽ?»

ምንም አስባ አይደለም። ሰው ሰውን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችኝ። ማሽን የሚለቀቀው በሁለት መንገድ ነው፤ ልጁ ሲድን፣ ወይ ሳይድን ሲቀር። ዶክተሩ ከሄደ ጀምሮ የትኛውን እንደምለምን ለይቼ አልተናገርሁም። ለፈጣሪ ትቼዋለሁ፣ እኔ እንደማላውቅ ሆኜ። እሱ ግን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

«ይማርልዎት» እላለሁ ዘግይቼ። «ይማርልዎት እያልኩ ነው።» በልቤ ደግሞ እየተጣደፍሁ ያንኑ እደጋግመዋለሁ፣ ይማርላት፣ ይማርላት፣ ልክ የዘገየ ሰው ከሚሄድ መኪና ኋላ እንደሚሮጠው።

ሲስተር የመስታወቱ በር ላይ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላየኋትም።

«እናቴ» ትላለች። ስትቆጣ እንጂ እንዲህ በለሆሳስ ስትናገር ሰምቼያት አላውቅም። «አንዴ ይምጡ እስቲ።»

ሴትዮዋ አትነሣም። ፊኛዋን ትጨምቃለች። አሁን ድምፅ አውጥታ ነው የምትቆጥረው። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ድምፅዋ ይሰበርና እንደገና ይነሣል። አራት። አምስት።

«እሺ ልጄ» ትላለች ለሲስተር። «ይቺን ላስረክብ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ነይ፣ እጅሽን አምጪ።»

እጄን እጇ ላይ አደርጋለሁ። አብረን እንጨምቃለን። የአባዬ ደረት ከፍ ይላል። ጣቶቿን ከሥር አንድ በአንድ ታወጣለች።

«እንዳታመልጪው» ትለኛለች። ተነሥታ ሹራቧን ታስተካክላለች፣ ትገባለች። በሩ ይዘጋል።

ወንድሜ ነቅቶ ያየኛል።

የእጇ ሙቀት ፊኛዋ ላይ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ የማሽኑ ድምፅ ይቆማል። እለቃለሁ። አንድ ላይ አምላኬ ሆይ እላለሁ። ሦስት ላይ ዝም እላለሁ።