ፊቷን ቀይ የተቀባችው አሮጊት

ሊሳንድሮ የወንድሙን ገዳይ በጉዋሂራ በረሃ፣ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ ጥሎ ደረቱ ላይ ተንበርክኮበት ነበር። በመጀመሪያው ምት የሰውየው ጆሮ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛውን ለአንገቱ ብሎ ገጀራውን ሲያነሳ፣ የመንደሩን ሁሉ ሕልም የምትፈታው አክስቱ ኔሊዳ እያለከለከች ደረሰች።

«ማን ላከህ?»

«ፊቷን ቀይ የተቀባችው አሮጊት፣ አክስቴ። በሕልሜ መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። ደሙን መልስ ማለቷ ነው።»

«እሷ በሕልሙ የማትመጣበት ሰው የለም፤ እኔም ጋ መጥታለች። መዳፏ ወዴት ነበር?»

«ወደ ላይ። መዳፏም ባዶ ነበር።»

«እንግዲያ አልላከችህም፣ ልጄ። የያዝከውን ስጠኝ ነው ያለችህ።»

ሊሳንድሮ ገጀራውን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። አክስቱ ከጣቶቹ መሃል ፈልቅቃ አወጣችውና ቁልቋሉ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ሰጠችው።

«አንተ ቆረጥክ፣ አንተው ያዘው» አለችው።

ጆሮውን ወደ ቦታው መልሶ በሻሹ ጫነው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስት ነበር፤ ደሙም በሊሳንድሮ ጣቶች መሃል ይወርድ ጀመር። የወንድሙን ሬሳ ባነሳ ጊዜ ደሙ ቀዝቅዞ ነበር። የዚህ ሰው ግን ይሞቃል።