ዳ እና ታ

ዘምዘም ለቤት ሠራተኝነት ኢስታንቡል በገባች ማግስት እመቤቷ ፓስፖርቷን ነጥቃ በር ቆለፈችባት። ቱርክኛም ያስተማረቻት በጥፊ ነው። «ማሳ» ጠረጴዛ ነው፤ «ዳ» ሲለጠፍበት «ማሳዳ»፣ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። አንዳንድ ስም ላይ ግን «ዳ»ው «ታ» ይሆናል። ወጥ ቤት ውስጥ ለማለት «ሙትፋክታ» በማለት ፈንታ «ሙትፋክዳ» ያለች ቀን፣ የእመቤቷ ባል እየሳቀ እጇን በካውያ ተኮሳት።

«ቆይ፣ የእጅህን ታገኛለህ» አለች በልቧ።

አንድ ጠዋት ፖሊሶች ባልየውን ፈልገው መጡ።

«አገር ውስጥ የለም» አለች እመቤቲቱ።

አንዱ ፖሊስ ወደ ዘምዘም ዞረ። «ጌታሽ የት ነው?»

«እሷ ቱርክኛ አታውቅም!»

ዘምዘም እመቤቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ጥርት አድርጋ «ዶላፕታ» አለች።

ፖሊሱ ሄዶ ቁምሳጥኑን ከፈተው።