ጉተማ የመረጠልኝ የፍሬን ሸራ

«ማዘር፣ ይሄን የፍሬን ሸራ ማነው የመረጠልዎት?» ይለኛል መካኒኩ ጸጋአብ፣ ከቪትዝ መኪናዬ ጎማ ሥር ሳይነሳ።

ልጄ ዶርቃ ትቀድመኛለች። «ሸራው ምንም አላደረገም። የእማዬ እግር ነው እንጂ።»

ሰው ፊት! ውስጤ እርር ይላል። ግን እውነቷን ቢሆንስ? እሁድ ከጸሎት ቤት ስመለስ፣ ጀሞ መታጠፊያው ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ድንገት ገባችብኝ። ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናዋ እምቢ አለች። በሁለት እግሬ ተጭኜ ነው ለጥቂት የቆመችው። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ዛሬ መኪናዋ ተሠርታ ፍሬኑ ካልተሻለ ቁልፉን ለዶርቃ ላስረክብ ቃል ገብቻለሁ። ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ መካኒሳ ታማ የተኛችውን እህቴን ማን ይጠይቅልኝ? በዚህ ጉልበት የታክሲ ሰልፍ ልቆም ነው?

«ጎረቤቴ ጉተማ ነው የመረጠልኝ» እላለሁ። «ሃያ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። የታክሲዎቹን፣ ጠንካራውን ግዢ፤ ዕድሜ ልክሽን አትቀይሪውም አለኝ።»

ጸጋአብ ሳቁ ያመልጠዋል። «አይቀየርማ! ይኸው፣ ገና አልተነካም። ይሄ ካልጋለ አይዝም፣ ማዘር። ጉተማ ከጀሞ ጋርመንት እየተመላለሰ ፍሬን ሲረግጥ ነው የሚውለው። እርስዎ በሳምንት ሁለቴ ወጥተው መቼ ያግሉታል?»

«እና እግሬ…?»

«እግርዎ ምን አደረገ? በዚህ ሸራ ለማቆም እኔም ብሆን ያልበኛል!»

«ጌታ ሆይ!» እላለሁ። እንባዬ ይመጣል፤ አላፍርም። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን እግር ስረግመው ሰንብቻለሁ።

ሳይግል የሚይዘውን፣ ለስላሳውን ሸራ ያሳየኛል። ቶሎ እንደሚያልቅ አይደብቀኝም።

«ይለቅ! ግጠምልኝ» እላለሁ።

ገጥሞ ሲጨርስ ራሱ ዞር ዞር አድርጎ ሞክሯት ይመለሳል። ከዚያ እኔ እገባለሁ። ጋራዡ ፊት ባለው ባዶ ቦታ ትንሽ ነድቼ ፍሬኑን ነካ ሳደርገው መኪናዋ ቀጥ! ደግሜ እሞክራታለሁ። ቀጥ!

«ተመስገን! ተመስገን!» እያልኩ ሒሳብ ልከፍል እወርዳለሁ።

ስመለስ ዶርቃ የሹፌሩን በር ይዛ ቆማለች። ታየኛለች። በሩን ለቃ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ትዞርና ጎን ትቀመጣለች።

«በይ ቶሎ በይ እንጂ፣ እማዬ» ትለኛለች። «ሥራ ረፈደብኝ።»