አንዴ ተገምጦ የተሰቀለው ዳቦ

«ይሄን ነው ጽፈሽ የመጣሽው?»

መምህርቷ ሙሐባት ኦፓ (ኦፓ በኡዝቤክ «እትዬ» እንደ ማለት ነው) ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ዙልሁሞር አንገቷን ደፋች። ከማርጊላን ከተማ ወደ ኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽከንት የመጣችው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። የእንግሊዝኛ ውጤቷ ከወረደ ዕድሉ ይነጠቃል... ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት!

ነገሩ እንዲህ ነው።

ተማሪዎቹ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የኡዝቤክ ልብ ወለድ አንብበው ተወያዩ። ከዚያ እያንዳንዱ «ከውይይቱ ምን አዲስ ነገር ገባኝ?» የሚል አንድ ገጽ ይጽፋል። የሚያርሙት ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው።

መጽሐፉ ውስጥ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ዳቦ አንዴ ይገምጣል። እናት የቀረውን ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።

ከውጭ የመጣው መምሪያ «ይህ ድህነትን ያሳያል» ይላል።

ሃያ ሁለት ተማሪ «ድህነት» ብሎ ጻፈ። ጉድ እኮ ነው... የእነሱም እናቶች ይሰቅላሉ!

ዙልሁሞር ብቻ እንዲህ አለች...

«በውይይቱ የገባኝ ዝምታችን ነው። ከቤት ስወጣ እናቴ ዳቦ አስገመጠችኝ። ቀሪው ምስማር ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ተመልሰሽ ጨርሺው ማለቷ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን የቤታችን ነገር ሥነ ጽሑፍ አይመስለንም።»

«ኦፓ፣ የጻፍኩት እውነት ነው» አለች አሁን።

«እውነት ማርክ አያመጣም! አራሚው የእናትሽን ምስማር በምን ያውቀዋል?»

ሻህዞድ ከኋላ ጮኸ። «ተዉዋት ኦፓ፣ ርቧት ነው!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ዙልሁሞር ዞር አለች። «ሻህዞድ፣ ወንድምህ ለውትድርና ሲሄድ የገመጠው ዳቦ የት ነው ያለው?»

ሻህዞድ ጆሮውን አከከ... «ኩሽና... ከበሩ በላይ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

«እስከ ሰኞ ቀይሪው» አለች መምህርቷ።

«አልቀይርም ኦፓ።»

«ዕድሉን ስታጪ እንዳታለቅሺብኝ!»

ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበች። ተሸንፋ ተመልሳ ያንን ዳቦ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

ሰኞ መምህርቷ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ፈርማ እንዳለ ላከችው።

ሐምሌ ላይ ውጤት መጣ...

ሙሉ ማርክ! ከትምህርት ቤቱ እሷ ብቻ!

ግቢው በጭብጨባ ቀለጠ። ሻህዞድ ራሱ ቦርሳዋን ተሸክሞ «መንገድ ልቀቁ፣ የዳቦዋ ንግሥት መጣች!» እያለ መንገድ ያስከፍት ነበር።

ዙልሁሞር እየሮጠች መምህርቷ ቢሮ ገባች።

«ኦፓ... ያን ጊዜ ለምን ሐሳብዎን ቀየሩ?»

ሙሐባት ኦፓ መሳቢያዋን ከፈተች። አንድ የዛገ ምስማር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ለንደን ልማር ስሄድ እኔም ገምጬ ነበር። እዚያው አሥራ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ከተመለስኩ ስድስት ዓመቴ... ሥራ በዛብኝ እያልኩ ናማንጋን ከተማ እናቴ ቤት አልሄድኩም። በስልክ ብቻ ነበር የምሸነግላት። ወረቀትሽን ባነበብኩ ማግስት ባቡር ተሳፈርኩ።»

«ዳቦው ነበረ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ድንጋይ ሆኖ! እናቴ አልወቀሰችኝም። አውርዳ ሻይ ውስጥ ነከረችውና አብረን በላነው። ከዚያ ምስማሩን ነቅላ 'ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል' ብላ ሰጠችኝ።»

መምህርቷ እያለቀሰች ሳቀች።

«በይ ሂጂ! ያንቺም እየጠበቀሽ ነው።»

በማግስቱ ማርጊላን ላይ አንዲት እናት ዳቦ ከግድግዳ አወረደች... ልጅቷም ቀና ብላ ጨረሰችው።

ወዳጆቼ... ቤታችሁ የምታውቁትን እውነት የፈረንጅ መምሪያ ላይ ስለሌለ ብቻ አታሳንሱት። የተማረ ሰው ማለት የቤቱን ነገር የረሳ ማለት አይደለም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተን እየጠበቀ የተሰቀለው ዳቦ ማን ቤት ነው? መቼስ ሄዳችሁ ትጨርሱታላችሁ? 👇