ድንጋይ የተሸከመው ሰው

የሟች አባት ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ጎራዴውን ከአፎቱ መዘዘ። ገዳዩ ምሕረት ሊለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እግሩ ሥር ተደፍቷል። በዚህ የድሮ ትያትር ምሕረት እንደሌለ ተስፋነህ ያውቃል፤ ከሚስቱ ከሠርካለም ጋር በየከተማው እየዞረ ደጋግሞ አይቶታል። ዛሬ ደብረ ታቦር አዳራሽ ውስጥ ግን ልቡ መድረኩ ላይ አልነበረም። ትናንት ባሕር ዳር በሌላ ትያትር ላይ ሙሽራዋ ስትሞት ስልኩን አንስቶ ስለ በግ ዋጋ አውርቷል። ሠርካለም ወደዚህ ሲመጡ መንገድ ላይ አውቶቡሱ እንደቆመ፣ «ከእንግዲህ ትያትር የማየው ብቻዬን ነው» አለችው። ብርዱ ሲጠና ጋቢውን ቢያለብሳት እንኳ ከትከሻዋ አውርዳ መለሰችለት።

ጎራዴው ወደ ላይ ሲነሣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «ስለ መድኃኔዓለም ይማሩት!» ድንጋይ የተሸከመ ሰው እያዩ ዝም ማለት እዚያ አገር ነውር ነውና ቄሱም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም ተከትለው ተነሡ። «ይማሩት! ይማሩት!» ተዋናዩ ጎራዴውን እንዳነሣ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

ሠርካለምም ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ «ኧረ ይማሩት!» ትል ነበር። ተስፋነህ ጋቢውን ጠቅልሎ እንደ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አደረገና ወንበሮቹ መሃል ጎንበስ አለላት።

«እኔንስ?»

መድረኩ ላይ ጎራዴው ሲወድቅ ተሰማ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሠርካለም ጋቢውን ከጫንቃው አነሣች፤ ዘርግታም ለሁለታቸው ደረበችው። ተስፋነህ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ስልክህን ግን ወዲህ በል» አለችው።