ድጋሚ እጥበት

የዓይን ቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች የሚታጠቡበትን ክፍል ለዓመታት የመራችው ሴትዮ ሰሞኑን በኮሪደሩ የምታልፈው አንገቷን ደፍታ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዓይናቸው ቀልቶ የደፈረሰባቸው ሰዎች ተደርድረዋል። ሞራ ሊያስገፍፉ መጥተው የባሰባቸው ናቸው። ማንም ባይወቅሳትም በእፍረት ፊቷን የምታደርግበት ጠፍቷታል።

ሐኪሙም ግራ ገብቶታል። «አስመርምሬ ነበር፤ ጀርም የሚባል አልተገኘም» አላት።

እሷ ግን ጥፋተኛዋን አውቃለች። አዲሷ ሠራተኛ ስትመጣ የዓይን መቅላቱም አብሮ መጣ። ልጅቷ ስታጥብ ሳሙናውን ጠብ ታደርግና፣ ከዚያ በቀጫጭኖቹ መርፌዎች ውስጥ የተጣራ ውኃ ስትገፋ መዋል ነው።

«ውኃውን ጨረስሽው እኮ። የሚያጸዳው ሳሙና ነው» አለቻት።

«እትዬ፣ በደንብ ካልተለቀለቀ እኮ ሳሙናው ውስጡ ይቀርና ዓይን...»

«ተይኝ እስቲ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አጥቤያለሁ።»

ልጅቷ ምሳ ስትወጣ ሴትዮዋ መርፌዎቹን መልሳ ትዘፈዝፋለች። ከቤቷ ባመጣችው ወፈር ያለ ሳሙና ታሻቸውና፣ ውኃ ነከር አድርጋ በእንፋሎት መቀቀያው ውስጥ ትከታቸዋለች። ከሰው ጀርባ የሰው ሥራ ማረም ያሳፍራታል። ደግሞም ሁሉንም ሳታዳርስ ልጅቷ ከች ትላለች።

በዚህ መሃል የታላቅ እህቷ ተራ ደረሰ። እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት እህት ናት። አንድ ዓይኗ ድሮ ጠፍቷል፤ የቀረው ላይ ሞራ ወርዶበታል።

ሴትዮዋ ሐኪሙ ዘንድ ገባች። «ያቺ ልጅ እያለች እህቴን አላስነካም» አለችው።

ልጅቷ ወደ ልብስ ማጠቢያው ተዛወረች። ሽርጧን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። ሴትዮዋ ዓይኗን ማየት አፈረች፤ ልቧ ግን አረፈ።

በቀዶ ሕክምናው ቀን እቃውን ሁሉ ብቻዋን አጠበች። አንዷም መርፌ ሳትቀር በዚያ ሳሙና ሁለት ሁለቴ ታሸች። ልጅቷ ስታባክነው የነበረው ውኃም ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን ሞልቶታል። ሐኪሙ የእህቷን ፋሻ ፈታ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ዓይኑ ቀልቶ ደፍርሷል።

«የኔ ልጅ» አለች እህቷ፣ በእጇ እየዳበሰች ስትፈልጋት፣ «መብራት ጠፋ እንዴ?»